አንድ ገመድ የበላቸው ፍሬሞች

አንድ ምሽት ጓደኛዬ ከሞኒተሬ ፊት ተቀመጠና ማውሱን ያዝ አድርጎ ጠቋሚውን በባዶው ዴስክቶፕ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ በፍጥነት አዞረው። ወዲያው ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ይሄ እኮ ስልሳ ነው» አለኝ። ሞኒተሩ 27 ኢንች፣ 2560 በ1440 ፒክስል፣ 165 ሄርትዝ (ማለትም ምስሉን በሰከንድ 165 ጊዜ የሚያድስ) እንደሆነና ከገዛሁትም አራት ወር እንዳለፈው ነገርኩት። አልተከራከረኝም፤ የዊንዶውስን ሴቲንግ ከፍቶ ሲስተም ውስጥ ገባ፣ ዲስፕሌይ የሚለውን መረጠ፣ ወደ ታች ወርዶ አድቫንስድ ዲስፕሌይን ነካና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። ከሞኒተሩ ስም ሥር የተጻፈው ቁጥር 60 ነበር።

ከብስጭቱ ይልቅ የገረመኝ አለማወቄ ነው። ሞኒተሩን ከመግዛቴ በፊት ስለ ፓነል ዓይነት፣ ስለ ምላሽ ፍጥነትና ስለ ቀለም ለሳምንታት ሳነብ ከርሜያለሁ፤ ገንዘቡንም በዋናነት የከፈልኩት ለዚያ 165 ለሚለው ቁጥር ነው። ስክሪኑ ካገናኘሁት የጌሚንግ ላፕቶፕ ስክሪን ይልቅ ትልቅና ደማቅ ስለነበር ዓይኔ ያየውን የስፋት ልዩነት ልቤ የፍጥነት ልዩነት አድርጎ ተቀብሎት ኖሯል። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ፍሬም (አንድ ሙሉ ምስል) ከሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ተነስቶ ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ የሚያልፍበትን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከታተልኩት። ያገኘሁትን ከመዘርዘሬ በፊት ዋናውን ነገር ልናገር፦ ፍሬሞቼን የበላው የላፕቶፑ አቅም ማነስ ሳይሆን፣ ጠረጴዛዬን ለማጽዳት ስል ምስሉንም፣ ዳታውንም፣ ኃይሉንም በአንድ ገመድ ለማሳለፍ መፈለጌ ነበር።

ሪፍሬሽ ሬት ስክሪኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚገልጽ ቁጥር ነው። በ60 ሄርትዝ እያንዳንዱ ምስል ስክሪኑ ላይ 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ በ144 ሄርትዝ 6.9፣ በ165 ሄርትዝ 6.1፣ በ240 ሄርትዝ ደግሞ 4.2 ሚሊሰከንድ። ይህ ቆይታ ለምን እንደሚታወቀን ለመረዳት ዓይናችን እንዴት እንደሚከተል ማሰብ ያስፈልጋል። ጌም ውስጥ አንድ የሚሮጥ ሰው ስንከተል ዓይናችን ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ ኤልሲዲ ስክሪን ግን ሰውየውን ቀጣዩ ምስል እስኪመጣ ድረስ በአንድ ቦታ ገትሮ ይይዘዋል። በዚህ መሐል ዓይን ወደ ፊት ሲሄድ ምስሉ ባለበት ስለሚቀር ጠርዙ ይደበዝዛል። በሰከንድ 960 ፒክስል የሚጓዝ ነገር በ60 ሄርትዝ የ16 ፒክስል ያህል ብዥታ ይፈጥራል፣ በ120 ሄርትዝ 8፣ በ240 ሄርትዝ ደግሞ 4። ጓደኛዬ ጠቋሚውን ያዞረውም ለዚሁ ነው፤ በ60 ሄርትዝ የጠቋሚው ፈለግ ተራርቀው እንደተበተኑ ጥቂት ቀስቶች ይታያል፣ በ165 ግን ቀስቶቹ ሦስት እጥፍ ያህል ተጠጋግተው አንድ መስመር ሊሆኑ ይደርሳሉ። መሣሪያ ሳያስፈልግ ማንም በራሱ ዓይን ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ሌላ ነገርም ይወጣል። ከ60 ወደ 144 የተሻገረ ሰው በእያንዳንዱ ፍሬም ወደ 10 ሚሊሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ያተርፋል፤ ከ144 ወደ 240 የተሻገረው ግን ከ3 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው። ከ144 ወደ 165 ያለው ልዩነት አንድ ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም። ይህን ልብ ማለት የሚጠቅመው፣ በኋላ እንደምናየው፣ ከፍ ያለው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ከሚሰጠው ይልቅ የሚወስደው ስለሚበልጥ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው አያያዝ እንዲህ ነበር። በላፕቶፑ ግራ ጎን ካለው ዩኤስቢ-ሲ ፖርት አንድ ገመድ ይወጣና የክብሪት ሣጥን በምታህል ሃብ (አንዱን ፖርት ለብዙ ዕቃዎች በምታከፋፍል መሣሪያ) ውስጥ ይገባል። ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ የውጭ ሃርድ ዲስኩና ቻርጀሩ ሃቡ ላይ ይሰካሉ፤ ሞኒተሩም ከሃቡ የኤችዲኤምአይ ፖርት ይገናኛል። ስወጣ አንድ ገመድ ነቅዬ እሄዳለሁ፣ ስመለስ አንድ ገመድ እሰካለሁ። ይህን አደረጃጀት በጣም እወደው ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ለቢሮ ሥራ ብቻ ለሚጠቀም ሰው አልነቅፈውም።

ችግሩ ያለው ገመዱ ውስጥ ነው። ዩኤስቢ-ሲ ፈጣን መረጃ የሚያሳልፍባቸው አራት መስመሮች አሉት። ገመዱ ሞኒተር ብቻ ሲያገለግል ዲስፕሌይፖርት የተባለው የምስል መላኪያ ሥርዓት አራቱንም ለምስል ሊወስዳቸው ይችላል፤ ሃቡ ለሃርድ ዲስኩ ፈጣን ዳታ ማሳለፍ ሲፈልግ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ለዳታ ይሄዱና ለምስሉ ሁለት ብቻ ይቀራሉ። ይህ ሳያንስ በሃቡ ውስጥ ምስሉን ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይር ትንሽ ቺፕ አለች፤ የእሷ አቅም ደግሞ የራሱ ጣሪያ አለው። የሃቤን ካርቶን ፈልጌ ሳየው «4ኬ፣ 30 ሄርትዝ» ይላል። ስገዛው 4ኬ የሚለውን አንብቤ 30 የሚለውን አልፌዋለሁ። 4ኬ (3840 በ2160 ፒክስል) በ30 ሄርትዝ ማለት በሰከንድ 249 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ነው። የእኔ ሞኒተር በ60 ሄርትዝ 221 ሚሊዮን ይፈልጋል፣ በ165 ሄርትዝ ደግሞ 608 ሚሊዮን። ሃቡ 60ን አሳልፎ ከዚያ በላይ ያለውን ከዝርዝሩ ያጠፋው ስለተበላሸ አይደለም፤ የተሠራለትን በትክክል እየሠራ ነበር። ዊንዶውስም በበኩሉ መንገዱ የማይችለውን ቁጥር አያሳይም፤ «ሞኒተርህ ከዚህ በላይ ይችላል» ብሎም አያስጠነቅቅም።

በማግሥቱ ሃቡን ትቼ ኤችዲኤምአይ ገመዱን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ስክሪኑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ጠቆረና ተመለሰ፤ ዝርዝሩን ስከፍት 144 የሚል ቁጥር አገኘሁ። መርጬው አንድ ጽሑፍ የሞላበት መስኮት ይዤ ከግራ ወደ ቀኝ ስጎትተው፣ መስኮቱ እየሄደ ፊደሎቹን ማንበብ ቻልኩ። ይህን እስካየሁበት ደቂቃ ድረስ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ጽሑፍ ይነበባል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጌም ሳልከፍት ግማሽ ሰዓት ያህል መስኮት ስጎትት ቆየሁ።

ይሁንና 165 ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሞኒተሬ ኤችዲኤምአይ ፖርት በ2013 የወጣው የ2.0 ትውልድ ነው። ጠቅላላ አቅሙ በሰከንድ 18 ጊጋቢት ነው፤ ሆኖም ከሚላኩት 10 ቢቶች ምስል የሚሸከሙት 8ቱ ብቻ በመሆናቸው ለምስል የሚቀረው 14.4 ነው። 2560 በ1440 ፒክስል በ144 ሄርትዝ በምስሎች መካከል ያለው ክፍተት ሲታከልበት ወደ 14 ገደማ ስለሚደርስ በጠባቡ ያልፋል፤ በ165 ሄርትዝ ግን ከ15 ስለሚበልጥ አያልፍም። የላፕቶፔ ፖርት እስከ 48 ጊጋቢት የሚደርሰው 2.1 ቢሆንም የሚወስነው ጠባቡ ጫፍ ነው። እዚህ ላይ ገዢዎችን ደጋግሞ የሚያሳስት ነገር አለ፦ የ2.1 ዋና ዋና ባሕርያት ግዴታ ባለመሆናቸው፣ 2.1 ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ 48 ጊጋቢት ያሳልፋል ማለት አይደለም። ስለዚህ የትውልዱን ቁጥር ሳይሆን በዝርዝር መግለጫው ላይ በየትኛው ፖርት፣ በየትኛው የፒክስል መጠን፣ ስንት ሄርትዝ እንደሚሰጥ የተጻፈውን መመልከት ይሻላል። አንዳንዶች ጠባቡን መንገድ ለማለፍ የቀለሙን መረጃ ወደ 4:2:0 ይቀንሱታል። ይህ ለአራት ፒክስል አንድ የቀለም መረጃ ብቻ መላክ ነው፤ ለፊልም ያዋጣል፣ በጥቁር ላይ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ ግን ጠርዙ ይቀልጣል። ጽሑፍ ለሚያነብበት ሰው አልመክረውም።

144 ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች መሆኑን ከላይ ብያለሁ። ነገር ግን የከፈልኩበትን ቁጥር በዓይኔ ማየት ስለፈለግሁ አንዱ ጫፍ ዩኤስቢ-ሲ፣ ሌላው ጫፍ ዲስፕሌይፖርት የሆነ ገመድ ገዛሁ። በ2016 የወጣው ዲስፕሌይፖርት 1.4 ለምስል ብቻ 25.9 ጊጋቢት ያህል ይሰጣል፤ በፊቱ የነበረው 1.2 እንኳን 17.28 ስለሚሰጥ ለእኔ ሞኒተር ይበቃል። በግራ በኩል ባለው ፖርት ሰካሁትና ዝርዝሩን ስከፍት 165 አሁንም የለም። ጥፋቱን ከገመዱ ሳላሳርፍ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ በቁልፎቹ ከፈትኩና የዲስፕሌይፖርት ሥሪት የሚለው ቦታ 1.1 ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከድሮ ኮምፒውተሮች ጋር እንዲስማማ ተብሎ ይመስለኛል ከፋብሪካ በዚያ የወጣው። 1.1 ለምስል የሚሰጠው 8.64 ብቻ ነው። ወደ 1.4 ስቀይረው ስክሪኑ ጠቁሮ ተመለሰ፣ 165ም መጣ። በዚያው ሜኑ ውስጥ መረጃ የሚለውን ገጽ ከፍቼ ሞኒተሩ ራሱ 165 እንደሚቀበል አረጋገጥኩ። ዊንዶውስ የሚለው የላኪው ቃል ነው፣ የሞኒተሩ ገጽ ደግሞ የተቀባዩ፤ ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ነው የማምነው።

ደስታዬ ብዙም አልቆየም። ሁልጊዜ የምፈትንበት አንድ የጌም ቦታ አለኝ፤ ገጸ ባሕርዩ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ከተማው የሚያይበት። በኤችዲኤምአይ በሰከንድ 130 ገደማ ፍሬም ያገኘሁበት ይህ ቦታ፣ በአዲሱ ገመድ ከ115 አልዘል አለኝ። ሄርትዙ ጨመረ፣ ፍሬሙ ቀነሰ። ሞኒተሩ ብዙ ለመቀበል በሩን ቢከፍትም ላፕቶፑ የሚልክለት አንሶ ነበር ማለት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ላፕቶፑ ውስጥ መግባት ግድ ሆነ። አብዛኛው የጌሚንግ ላፕቶፕ ሁለት ግራፊክስ አለው፦ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ደካማና ባትሪ ቆጣቢ፣ እንዲሁም ለብቻው የተቀመጠ ኃይለኛ። የኃይለኛው ካርዴ ሠሪ ኢንቪዲያ በ2010 ኦፕቲመስ ብሎ ያስተዋወቀው አሠራር ሁለቱን ያቀናጃል፤ ኃይለኛው ካርድ ምስሉን ይሠራል፣ የተሠራው ምስል ግን ወደ ዋናው ሜሞሪ ይገለበጥና ደካማው ግራፊክስ ወደ ስክሪኑ ይልከዋል። ለባትሪ ዕድሜ ብልህ መላ ነው። ለከፍተኛ ሪፍሬሽ ሬት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ በእኔ ሞኒተር መጠን አንድ ፍሬም 14.7 ሜጋባይት ያህል ስለሚመዝን፣ በ165 ሄርትዝ በእያንዳንዱ ሰከንድ 2.4 ጊጋባይት የሚሆን ምስል ከአንዱ ወደ ሌላው መጋዝ አለበት። ያም የሚሆነው ፕሮሰሰሩ ለጌሙ ራሱ በሚጠቀምበት በዚያው ሜሞሪ በኩል ነው።

የትኛው ፖርት በየትኛው ግራፊክስ ሥር እንደተዘረጋ በፋብሪካ የተወሰነ ነው፤ ከውጭ በማየት አይታወቅም። በኢንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ስለ ሰራውንድና ስለ ፊዝኤክስ የሚናገረው ገጽ ግን በሥዕል ያሳየዋል። ስከፍተው ሞኒተሬ ከፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ሥር ተንጠልጥሎ አየሁት፤ ወደ ኤችዲኤምአይ ስመልሰው ከኢንቪዲያው ሥር ገባ። የላፕቶፑን ማኑዋል ሳገላብጥ ደግሞ ከጀርባ በኩል ያለው ሁለተኛው ዩኤስቢ-ሲ ከኢንቪዲያው ጋር በቀጥታ የተገናኘ መሆኑን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ሁለቱ ፖርቶች በመልክ አንድ ናቸው። ገመዱን ከግራ ነቅዬ ከጀርባ ሰካሁት፤ ድልድዩ ላይ ስቆም ቁጥሩ ከ130 በላይ ወጣ። ሙክስ ስዊች ያላቸው ላፕቶፖች ለራሳቸው ስክሪን ተመሳሳይ መንገድ መቀየሪያ አላቸው፤ የውጭ ሞኒተር የሚጠቀም ሰው ግን ትክክለኛውን ፖርት ካገኘ ያለ እሱም ደካማውን ግራፊክስ ማለፍ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ስለ መንገዱ ነው። ፍሬሙን የማምረቱ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚያም ያው ገመድ ጠበቀኝ። የላፕቶፑ የራሱ ቻርጀር 230 ዋት ነው፤ በሃቡ በኩል የሚገባው ግን 100 ዋት። ላፕቶፑ 100 ዋት ሲያገኝ ባትሪው እየሞላ ነው የሚል ምልክት ያሳያል እንጂ ግራፊክስ ካርዱን እንዳሰረው አይናገርም። ኃይሉን ወደ ዋናው ቻርጀር በመለስኩበት ቀን የፍሬም ቁጥሩ እንደገና ጨመረ። አራት ወር ሙሉ ላፕቶፑን በግማሽ ትንፋሽ ሳስሮጠው መክረሜ ከሁሉ በላይ የቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። በባትሪ ብቻ መጫወት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ብዙ ላፕቶፖች ኃይል ሲነቀል የራሳቸውን ስክሪን ሪፍሬሽ ሬት ሳይቀር ይቀንሳሉ።

ከዚያ የቀረው ፕሮሰሰሩ ነው። በሰከንድ 165 ፍሬም ማለት ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም እያንዳንዳቸው በየ6 ሚሊሰከንዱ ሥራቸውን መጨረስ አለባቸው ማለት ነው። ሰው ፍሬም ሲያንሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የሥዕል ጥራትን መቀነስ ነው፤ እኔም አደረግሁት፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የግራፊክስ ካርዱ አጠቃቀም 65 በመቶ ላይ ሲቀመጥ ካርዱ ሥራ እየጠበቀ ነው፣ ወደ ኋላ የቀረው ፕሮሰሰሩ ነው። በዚህ ጊዜ የጥላን ጥራት ወይም የሚታየውን ሕዝብ ብዛት መቀነስ ይረዳል፤ እነዚህ ለፕሮሰሰሩም ሸክም ናቸውና። ላፕቶፑን ከፍቼ ሳይ ራሙ (ዋናው ሜሞሪ) በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የተሰካ 16 ጊጋባይት ነበር። ተመሳሳዩን ሁለተኛ ስጨምርለት ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ እጥፍ ሆነለትና ቁጥሩ ድንገት ዝቅ ብሎ የሚመለስባቸው ቅጽበቶች ጎልተው ቀነሱ። ሙቀትም እዚሁ ይነሳል። ክዳኑን ዘግቶ ሞኒተሩን ብቻ መጠቀም ያምራል፤ ነገር ግን አንዳንድ ላፕቶፖች በኪቦርዱ በኩል አየር ስለሚስቡ የእኔን ከፍቼ፣ ከኋላ በኩል ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። የራሱን ስክሪን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ። ሁለቱን ስክሪኖች አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ ማድረግ ግን በጭራሽ አይጠቅምም፤ ፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ሊወርድ ይችላልና።

ሞኒተሩ ከጀርባው ፖርት ጋር መገናኘቱ ሌላም በር ከፍቶልኛል። ስክሪኑ ምስሉን በራሱ ሰዓት ሳይሆን ፍሬሙ በደረሰ ቅጽበት እንዲያድስ የሚያደርገው ጂ-ሲንክ የሚሠራው ሞኒተሩ ከኢንቪዲያው ካርድ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ነው። ከጥር 2019 ወዲህ ኢንቪዲያ ይህን አዳፕቲቭ ሲንክ የሚባለው ተመሳሳይ አሠራር ላላቸው ሞኒተሮችም ስለፈቀደ የእኔ ሞኒተር ይጠቀምበታል። በግራው ፖርት ላይ ሳለሁ ምርጫው ኮንትሮል ፓነሉ ውስጥ እንኳን አይታይም ነበር። ካበራሁት በኋላ የፍሬሙን ጣሪያ 160 ላይ አሰርኩት፤ 165ን ከነካ ፍሬሞቹ ተራ መጠበቅ ስለሚጀምሩ የማውሱ ምላሽ ይዘገያል።

ድልድዩ ላይ አሁንም 160 አላገኝም። ራሙም ቻርጀሩም ከተስተካከሉ በኋላ 145 አካባቢ ይቆማል፣ በዚያው ጌም ገበያ ውስጥ ስገባ ደግሞ ወደ 100 ይወርዳል። በፊት ቢሆን እንዲህ ያለ መውረድ እንደ መሰናከል ይሰማኝ ነበር፤ አሁን ሞኒተሩ አብሮ ስለሚወርድ ከጥጉ ያለውን ቁጥር ካላየሁ አላውቀውም። ቁጥሩን ማሳያውን ባለፈው ሳምንት አጠፋሁት። ጠረጴዛው ላይ አሁን ሦስት ገመዶች አሉ፦ ከጀርባ ወደ ሞኒተሩ የሚሄደው፣ የ230 ዋቱ ቻርጀር፣ እና በግራ በኩል ኪቦርዱን፣ ማውሱንና ሃርድ ዲስኩን ብቻ የያዘው ያው ሃብ።